መሬት ሸፋኝ ጽጌረዳ በሰሜን ሸዋ፦ ከሰርዶ ነቀላ እስከ ካብ ማልበስ

ደብረ ብርሃን ያለው ግቢዬ ከኋላው ወደ ታች ያዘነብላል። ሐምሌ በገባ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ጎረቤት ደጅ ይደርሳል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ የተረፈው ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሣር ሞከርኩ፤ በግ ጨረሰው። ጎመን ሞከርኩ፤ ጎርፍ ወሰደው። በመጨረሻ ጽጌረዳ ልተክልበት ችግኝ ይዤ ስገባ ከአጥር ማዶ የሚኖሩት እማሆይ ቆም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እሾህ ዘርተህ ምን ልታጭድ ነው?» አሉኝ።

እማሆይ ግማሽ እውነት ነበራቸው። የመጀመሪያው ተከላዬ ከሸፈ፤ ከ14 ችግኝ 9ኙ በነሐሴ ሞቱ። ብርድ ገደላቸው ብዬ ነበር። ነቅዬ ሳይ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፤ ውኃ ነው ያሰጠመው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች የማስቀምጠው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ በእኛ አገር ለዚህ ተክል ከሚደረገው ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ችግኙ ከመገዛቱ በፊት ነው።

ስለ የትኛው ጽጌረዳ ነው የምናወራው?

ጽጌረዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ አበባ ተሸክሞ ነው፤ ከሆለታና ከዝዋይ እርሻዎች ተቆርጦ በአውሮፕላን የሚላከው ዓይነት። መሬት ሸፋኙ ጠባዩ ሌላ ነው። ቁመቱ እንደ ዝርያው ከ30 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወርዱ ግን 1 ሜትር፣ አንዳንዱም 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይሳባል፣ ቅጠሉ ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነው፣ አበባውም ትንንሽ ሆኖ በዘለላ በዘለላ ይወጣል።

የብዙዎቹ ዘር ቢቆጠር በጃፓንና በቻይና አካባቢ ከሚበቅል ሮዛ ዊኩራና ከሚባል የዱር ጽጌረዳ ይደርሳል። ይህ ተክል መሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ግንዱ አፈር በነካበት ቦታም ሥር ያወጣል። ከታወቁት ዝርያዎች «ዘ ፌሪ» እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዝ አገር የወጣች፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ አበባ የምትሰጥ አሮጌ ወዳጅ ናት። «ኖዞሚ» በ1968 ከጃፓን መጣች፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች። «ፍላወር ካርፔት» የሚባለውን ደግሞ ጀርመናዊው ወርነር ኖአክ በ1980ዎቹ መጨረሻ አወጣው፤ በሽታ በመቋቋሙ ዓለምን ዞረ።

የራሳችንም አለን። በየገደሉ አፋፍና በየአጥሩ የሚታየው ቀጋ ንጹሕ ጽጌረዳ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ ነው፤ በእጽዋት አመዳደብ ከዚያ ከጃፓኑ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ይገባል። በልጅነታችን ቀይ ፍሬውን እየበላን ያደግንበት ነው። ዘመዳሞች ከሆኑ ቀጋንም መሬት ላይ ላስተኛው ብዬ ሁለት ክረምት ታገልኩ። በችካል ስይዘው በሌላ በኩል ይነሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። ቀጋ ለአጥር ነው፤ ለአጥርም ማን ይስተካከለዋል!

ችግኙን ስትመርጡ

የዝርያ ስም ተጽፎበት የሚሸጥ ችግኝ በሰፈራችን አልገጠመኝም። ሻጩ «ይሄ ይሳባል» ይላል፤ እናንተ በዓይናችሁ መርምሩ። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር አምስት ችግኝ «መሬት ሸፋኝ ነው» ተብዬ ገዝቼ ነበር፤ አሁን ሁለት ሜትር ቆመው መስኮቴን ጋርደዋል።

የሚታየው ይህ ነው። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ እንኳ አዲሱ ቅርንጫፍ ከሥሩ ወጥቶ ወዲያው ወደ ጎን ያጎነብሳል፤ የፕላስቲኩን ከረጢት ጠርዝ አልፎ ይንጠለጠላል። በጣታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ብትለቁት ተመልሶ ይተኛል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቅርንጫፍ ግን በራሱ ይጸናል። ከተቻለ ሻጩ ያባዛበትን እናት ተክል አሳዩኝ በሉ፤ ከማንኛውም ስም ይበልጣል።

ሌላው ጥያቄ ችግኙ በራሱ ሥር የቆመ ነው ወይስ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተከተበ የሚለው ነው። ከአፈሩ በላይ ባለው ግንድ ላይ እንደ ጉልበት ያበጠ ቋጠሮ ካያችሁ ተከትቧል ማለት ነው። ለመሬት ሸፋኝ እኔ ሁልጊዜ በራሱ ሥር የቆመውን እመርጣለሁ። የተከተበው ከቋጠሮው በታች የዱር ቡቃያ ያወጣል፤ ያንን እሾህ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ደግሞ የሚያስመርር ሥራ ነው። «ቅጠሉ ሰባት ከሆነ የዱር ነው፣ አምስት ከሆነ የራሱ ነው» የሚለውን የአትክልተኞች ብልሃት እዚህ አትመኑት። ከዊኩራና የሚወለዱት መሬት ሸፋኞች ራሳቸው ሰባትና ዘጠኝ ቅጠል አላቸው፤ በዚያ መለያ ብትሄዱ ጤነኛውን ትነቅላላችሁ። ቡቃያውን እስከ መነሻው ተከትላችሁ ከቋጠሮው በታች መሆኑን አይታችሁ፣ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ገንጥላችሁ አውጡት።

ቦታ

ቢያንስ ለግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። ከባሕር ዛፍ ራቁ፤ አሥር ሜትርም ላይበቃ ይችላል፤ የባሕር ዛፍ ሥር ያጠጣችሁትን ሁሉ ቀድሟችሁ ይጠጣዋል። ከተቻለ የማለዳ ፀሐይ ቶሎ የማትመታው፣ ለምሳሌ በስተ ምሥራቁ ግድግዳ ወይም ካብ ያለው ቦታ ምረጡ። ምክንያቱን ስለ ውርጭ ስናወራ ታገኙታላችሁ።

ሰሜን ሸዋ አንድ አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ይበልጣል። እዚያ ያሉ ሰዎች ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን የውርጭ ቀኖች ፊትና ኋላ ጥቂት ያስፉ። ጣርማ በርና አንኮበር ጉም ይበዛል፤ ለቅጠል በሽታ ተጠንቀቁ፣ ተክሉንም አራርቁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ውርጩን እርሱት፣ የመስኖ ውኃ ግን ሳይኖር አትጀምሩ።

ሰርዶውን ሳትጨርሱ አትትከሉ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ብዙ ደም ያፈሰስኩት እዚህ ነውና።

መሬት ሸፋኝ ጽጌረዳ አረም ያፍናል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ከዘር የሚበቅለውን አረም ጥላው ያፍነዋል። ሰርዶ ግን ከዘር አይጠብቅም። ከመሬት በታች የሚሄደው ነጭ ግንዱ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ድንች ሲወጋ አይቻለሁ። ከጽጌረዳው ሥር ሥር ተሽሎክልኮ በመካከል ብቅ ይላል። ያኔ ለማረም እጃችሁን ስትሰዱ ጽጌረዳው ከላይ፣ ሰርዶው ከታች ይይዛችኋል። ሰርዶው ሲሳብ ይበጠሳል፤ ከተቆረጠው እያንዳንዱ አንጓም አዲስ ሰርዶ ይነሳል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በወፍራም ጓንት ገብቼ ክንዴ እስከ ክርኔ ተሸነታትሮ ወጣሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰርዶው እንደገና ለምልሞ ቆየኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሥራውን በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ ጀምሩ። በዶማ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ጓሉን ገልብጡት፤ አትሰባብሩት፤ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ይምታው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓሉን እየመታችሁ የደረቀውን ሥር ለቅማችሁ አውጡ። የለቀማችሁትን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አትጣሉት፤ ሰርዶ ሞቶ የሚነሳ ነገር ነው። አድርቃችሁ አቃጥሉት።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ የተረፈው ይበቅላል። ይብቀል። ቅጠሉ አንድ ጣት ያህል ሲሆን ተከታትላችሁ ከነሥሩ በመቆፈሪያ አንሱት። በግንቦት አንድ ጊዜ ድገሙት። ሦስት ዙር የተቆፈረ መሬት በሰኔ ለመትከል ዝግጁ ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ከበልግ ጀምሮ ጥቁር ፕላስቲክ አንጥፎ ዳርዳሩን በድንጋይ ተጭኖ እስከ ሰኔ ቢተወውም ብዙውን ያዳክመዋል፤ ነፋሱ እንዳይወስደው ግን ድንጋዩ የምር ይሁን።

እንግጫም ካለ በዚሁ መንገድ ይለቀማል፤ ከሥሩ ያለችውን እንክብል ካላወጣችሁ ግን እንዳልነካችሁት ቁጠሩት።

ከእነዋሪ ገበሬ የተማርኩት

ዘጠኙን ችግኝ የገደለብኝን ውኃ ያስወጣሁት አትክልተኛ አማክሬ አይደለም። ለዘመድ ለቅሶ ሞረትና ጅሩ ሄጄ በእነዋሪ ዙሪያ ያለውን እርሻ አይቼ ነው። እዚያ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ የሚዘራው ገበሬ ማሳውን በእጁ መደብ በመደብ እየሠራ፣ በመካከሉ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ያወጣል። ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ላይ አጎንብሶ በእጁ አፈር ሲያነሳ አይታችሁ እንደሆነ አትረሱትም። ዘሩ ከውኃው በላይ ይቆማል። ለስንዴ የሆነው ለጽጌረዳ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

መጀመሪያ አፈራችሁን ፈትኑ። 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ማታ ውኃ ሙሉት። ጠዋት ውኃው ከሄደ እሰየው፤ ከፍ ያለ መደብ ሳትሠሩ ትተክላላችሁ። ጠዋት ውኃው ፊታችሁን እንደ መስተዋት ካሳያችሁ መደብ የግድ ነው።

መደቡ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ አውጡ። ቦዩ ውኃውን ወስዶ የሚያፈስበት መውጫ ይኑረው፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ተዳፋት ላይ ከሆነ መደቡን ከቁልቁለቱ ጋር አታውርዱት፤ አግድመት ሠርታችሁ ጥቂት ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት። ቁልቁለቱ ከበረታ በየሜትር ተኩሉ የድንጋይ እርከን አስቀድማችሁ ሥሩ። ጽጌረዳው አፈር መያዝ የሚጀምረው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያውን ክረምት አፈሩን የሚይዝላችሁ ድንጋዩ ነው።

ለአፈሩ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ተኩል የሚሆን በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። የላም እበት በእኛ አገር ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ስለሚያልቅ ለአትክልት አይተርፍም። የበግ በጠጥ ግን ከየጋጣው ይገኛል፤ ዓመት የሞላው፣ ጥቁርና ሽታው የጠፋ ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ከምድጃ የሚወጣውን አመድ በብዛት አትጨምሩ፤ ጽጌረዳ ጥቂት ወደ ኮምጣጣነት ያደላ አፈር ነው የሚወድ።

አተካከል

የምተክለው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። መደብ ከሠራችሁ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ተክሉም ውርጩ ሳይመጣ ሦስት ወር ያህል ሥር ይሰዳል። «መሬቱ እስኪጠፈፍ» ብሎ መስከረም የሚጠብቅ ሰው ጨቅላውን ለጥቅምት ውርጭ ነው የሚያስረክበው። ውኃ ያለው በመጋቢትም መትከል ይችላል።

ጉድጓዱ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የችግኙን ፕላስቲክ ቀዳችሁ አውጡ፤ ሥሩ ዞሮ ዞሮ ከተጠቀለለ በጣት ፈታ ፈታ አድርጉት። በራሱ ሥር የቆመው ችግኝ በከረጢቱ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበር። የተከተበው ከሆነ ቋጠሮው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአፈሩ በታች ይግባ፤ ከጊዜ በኋላ ከራሱም ሥር እንዲያወጣ። አፈሩን መልሳችሁ በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉ፤ በእግር መርገጥ ጥቁር አፈርን ጡብ ያደርገዋል።

ርቀቱ በወርዱ ይለካል። 1 ሜትር የሚሰፋውን በ75 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ተኩል የሚሰፋውን በ1 ሜትር ርቀት ትከሉ። ረድፉን እንደ ሦስት ማዕዘን አፈራርቁት፤ የላይኛው ተክል ከታችኞቹ ሁለት መካከል ትይዩ ይቁም። በ75 ሴንቲ ሜትር ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ችግኝ ይበቃል፤ 6 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ተዳፋት 24 ችግኝ ይወስዳል ማለት ነው። አቀራርቦ መትከል ቶሎ ይሸፍንልኛል ብላችሁ ከሆነ፣ በሦስተኛው ዓመት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ከፍ ከፍ ይላል፤ መሬት ሸፋኝነቱም ይቀራል።

በተክሎቹ መካከል ያለውን ባዶ መሬት መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። የገብስ ገለባ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ለከብት መኖ እየተፈለገ ለአትክልት ማንጠፍ ያሳፍራል፤ ነፋሱም ይበትነዋል፤ ዶሮም ይጭረዋል። እኔ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው የማነጥፈው። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ይከላከላል፣ ዶሮ አያነሳውም፣ ደግሞም በነፃ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት፦ በግና ውርጭ

በግና ፍየል የጽጌረዳን ለጋ ቅጠል ከጎመን አስበልጠው ይበሉታል፤ እሾሁ ገና ለስላሳ ነው። የመንዝ በግ ደግሞ በምትገባበት ቀዳዳ ጭንቅላቷ ካለፈ ሁሉ ነገሯ አለፈ። ለአንድ ዓመት ዙሪያውን በደረቅ የግራር ወይም የቀጋ እሾህ እጠሩ።

ውርጩ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ በየትኛውም ጥርት ያለ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ጽጌረዳዎች በረዶ አገር ያደጉ ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሥራቸውን አይገድልም። የሚያቃጥለው ለጋውን ጫፍ ነው። አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ወጥቼ ተመለከትኩ፦ በእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ላይ እንደ ጨው የደቀቀ አመዳይ ተሰክቷል፤ ቅጠሉ ሲነካ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ወዲያው የመታችው ወገን ሦስት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። በካቡ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ የቀለጠው ግን ምንም አልሆነም። በስተ ምሥራቁ ግድግዳ ያለው ቦታ ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ምሽት ሁሉ ጆንያ አልብሷቸው። አራት እንጨት ተክላችሁ ጆንያውን በላዩ ጣሉ፤ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት 2 ሰዓት ከመንፈቅ ላይ አንሱት። በጋውን ሙሉ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ የ20 ሊትር ጄሪካን ለሁለት ችግኝ አጠጡ፤ ከሥሩ እንጂ ከላይ አታርከፍክፉ፤ ጠዋት እንጂ ማታ አታጠጡ።

ማዳበሪያን በተመለከተ ለገብሱ ከተገዛው ዩሪያ «አንድ እፍኝ ብጨምር» የሚል ሐሳብ ለሁላችንም ይመጣል። አይምጣ። ዩሪያ ለጋና ውኃማ ቅጠል ያሯሩጣል፤ የለጋ ቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ትንሹ ተባይ ክሽክሹም ውርጩም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። በየካቲትና በሰኔ የበሰበሰ ፍግ ይበቃዋል። ከመስከረም በኋላ ምንም አትጨምሩ።

ገረዛ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የደረቀውንና የተሰበረውን ብቻ አንሱ። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የውርጩ ወቅት ሲያልፍ፣ በየካቲት አንድ ሦስተኛውን ከላይ ከርክሙ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ ካለ ከመነሻው አውጡት። በጥር የሞቀ ቀን አይታችሁ አትቸኩሉ፤ የተገረዘ ተክል ወዲያው ለጋ ያወጣል፤ አንድ የቀረ ውርጭ ይበላዋል። በየአራት ዓመቱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አውርዳችሁ ብትቆርጡት እንደ አዲስ ይታደሳል። እንደ «ኖዞሚ» በዓመት አንዴ የሚያብበው ግን ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለሚያብብ የሚገረዘው አበባው ካለቀ በኋላ ነው። የረገፈ አበባ እየለቀሙ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ዘለላው በራሱ ይራገፋል። የጓንቱ ክንድ ረጅም ይሁን።

ማባዛት

24 ችግኝ መግዛት ውድ ነው። አራት ወይም አምስት ገዝታችሁ ቀሪውን ራሳችሁ አባዙ። «ዘ ፌሪ»ን የመሰሉ አሮጌ ዝርያዎች ማንም እንዳሻው የሚያባዛቸው ናቸው። እንደ እኔ ግምት ቀላሉ መንገድ ቅርንጫፍ መቅበር ነው፤ ተክሉ ራሱ የሚያደርገውን ማገዝ ብቻ ነውና።

በሰኔ መጨረሻ መሬት ላይ የተኛ፣ የዘንድሮ ያልሆነ ግን ያላረጀ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ከአንጓ በታች ያለውን ልጥ በስለት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ከሥሩ እፍኝ አሸዋና ብስባሽ ጨምራችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፤ ጫፉ ከነቅጠሉ ውጭ ይቅር። በላዩ የጡጫ ያህል ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩ ቅርንጫፉንም ይይዛል፣ ከሥሩም በጋውን ሁሉ እርጥበት አይጠፋም። በተከታዩ ሰኔ ድንጋዩን አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ ካልተነቃነቀ ሥር ሰዷል፤ ከእናቱ ቆርጣችሁ ከነአፈሩ ውሰዱት።

በቁራጭ ማባዛት ለሚፈልግ፦ አበባው ገና ከረገፈ ቅርንጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ቁረጡ። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓው ሥር ይሁን። ከላይ ሁለት ቅጠል ትታችሁ የታችኛውን አራግፉ። እኩል አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ከረጢት ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ቅበሩ፤ ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ አይድረቅ፣ አይጨቅይም። በእኛ ቀዝቃዛ ሌሊት ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ይፈጅበታል፤ እየነቀላችሁ አትዩት። ከአሥር ስድስቱ ከያዘ ደስ ይበላችሁ።

በሽታና ተባይ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ዝርያው ጠንካራ ከሆነ ችግሩም ጥቂት ነው። በክረምት ቅጠል ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ታይቶ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ የረገፈውን ለቅማችሁ አቃጥሉ። በጥቅምትና በኅዳር ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ለጋው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ ይታያል፤ የተጨናነቀውን አሳሱ። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁ የጽጌረዳ ዋግ ነው፤ ወደ ስንዴያችሁ አይዛመትም፤ አትደንግጡ፤ ቅጠሉን ግን አንሱት። ክሽክሽ በጫፉ ላይ ሲሰፍር በእርጥብ ጣት አብሱት ወይም ቀጠን ባለ የሳሙና ውኃ እጠቡት፤ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ እሷ ክሽክሽ ትበላለች። ቆላ ያላችሁ ቀይ ሸረሪት ከቅጠሉ ሥር ድሯን ስታደራ በውኃ ጫና ከታች ወደ ላይ እጠቡት።

የት ያምራል?

ከሁሉ የሚያምረው ካብ ላይ ነው። ከካቡ ጠርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጋችሁ ብትተክሉት ቅርንጫፉ ወደ ፊት ሄዶ በካቡ ፊት ይወርዳል፤ ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጠዋል፤ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ካብ ደግሞ ውኃ አያቁርም። የእኔ አሁን አንድ ሜትር ያህል ወርዷል፤ አፈሩም ጎረቤት መሄዱን አቁሟል።

በእግረኛ መንገድ ዳር ከሆነ ከመንገዱ 70 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ ካልሆነ የእንግዳ ነጠላ ይይዛል። ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ግቢ አትትከሉ፤ ኳሱ እዚያው ይገባል። ንብ ያለው ሰው ነጠላ ገጽ ያለውን፣ መካከሉ ቢጫ ሆኖ የሚታየውን ዓይነት ቢመርጥ ለንቦቹ ይጠቅማል፤ ድርብርቡ አበባ ለዓይን ነው።

ባለፈው ዓመት እማሆይ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ከዚያ ከእሾህህ አንድ ዘለላ ቁረጥልኝ፤ ለአባወራዬ መቃብር» አሉኝ። «ዘለላው ይደርቅብዎታል እማሆይ፤ አንድ ዓመት ይታገሡኝ፣ ከነሥሩ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸውና ያኔውኑ አንዱን ቅርንጫፍ ድንጋይ ጫንኩበት። ዘንድሮ በሰኔ ቆርጠን ይዘን ሄድን። የመቃብሩ ዙሪያ በሲሚንቶ የተለሰነ ስለነበር ጉድጓዱን ከልስኑ 60 ሴንቲ ሜትር አርቀን በላይኛው ወገን ቆፈርነው፤ ቅርንጫፉ ወደ ታች እየተሳበ ልስኑን እንዲሸፍን። እማሆይ ውኃውን ራሳቸው አፈሰሱ፤ እኔም የቤተ ክርስቲያኑ በጎች እንዳይነኩት የቀጋ እሾህ ዙሪያውን ሰካሁ።